የሳጥኗ ጆሮ

በኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ የሚጨፍረው ሰው ብቻ አልነበረም፣ መብራትም ይጨፍር ነበር! አትሳቁ እንጂ፣ እውነቴን ነው። እዚችው ቡታጅራ፣ አሮጌው አዳራሽ መድረክ ላይ፣ ቀይ አረንጓዴ ቢጫ ሰማያዊ አምፖል ያላት አንዲት የብረት ሳጥን ነበረች፣ ከበሮ ሲመታ ትሰማለች፣ በሰማች ቁጥር ብልጭ! ብልጭ! እና እኔ ኪነት ቡድኑ ውስጥ ስለነበርኩ፣ ቀዩን ስታበራብኝ ወገቤ የኔ አልነበረም፣ እመኑኝ፣ የኔ አልነበረም!

ታዲያ አምና አዳራሹ ሲታደስ አሮጌውን ዕቃ ሁሉ ጓሮ ጣሉት፣ ብሄድ ሳጥኗ ውስጥ ዶሮ ታቅፋለች። ዘበኛውን "ልውሰዳት?" ብለው፣ "ገላገልሽኝ!" አለኝ። ዶሮዋን እሽ ብዬ ሳጥኗን በባጃጅ ጭኜ ቤቴ። እና የወንድሜ ልጅ የህይወት ሰርግ ደርሶ ነበርና፣ "በዚህች ነው የምትጨፍሪው!" ስላት ልጅቱ በደስታ ዘለለች። አባቷ ግን፣ ታላቅ ወንድሜ ደገፉ፣ ታውቁት የለ፣ ጋቢውን እንዲህ ትከሻው ላይ ወርውሮ፣

"ብርነሽ፣ የዶሮ ቤት ነው የልጄ ሰርግ ላይ የምትሰቅዪው?"

"ትጨፍራለች ጋሼ!"

"እሺ። እሷ ካልጨፈረች አንቺም አትጨፍሪም። ጓዳ ገብተሽ ቆጮ ትቆርጫለሽ፣ ጭፈራውን ሌላ ሰው ይመራል።"

እኔን! በዚህ ቤተሰብ ሰርግ ሁሉ ጭፈራ የምመራውን እኔን! "እሺ!" አልኩት፣ እልህ ያዘኝ።

ታዲያ በቀጥታ ወደ ሸምሱ፣ ገበያው ዳር ራዲዮ የሚጠግነው። "አሰላሙ አለይኩም፣ በሽተኛ አምጥቼልሃለሁ" አልኩት። ሲፈታት ጭድ ወጣ፣ ላባ ወጣ፣ እንቁላል ወጣ! እንቁላሉን ወደ ብርሃን ይዞ፣ "የዚህን መለዋወጫ ከየት አመጣለሁ እትዬ?" ሲል በሳቅ ሞትን። እና ሽቦውን ቀየረ፣ ዝገቱን ፈገፈገ፣ እንደ ምድጃ የሚግሉትን የድሮ አምፖሎች አውጥቶ ባለቀለም ኤልኢዲ አስገባ፣ አስገባና ራሱን ነቀነቀ።

"ጆሮዋ በስብሷል። ማይኳ። ካልሰማች አትጨፍርም።"

መሳቢያውን ሲበረብር ቆይቶ ከተሰበረ የጠረጴዛ ሰዓት ጢጥ ጢጥ የምትለዋን ክብ ነገር ነቅሎ አወጣ።

"አንተ ሸምሱ፣ እሷ መጮህ እንጂ መስማት ታውቃለች?"

"የሚጮህ ሁሉ መስማትም ይችላል እትዬ፣ ከርስዎ በቀር።"

ባለጌ! እና በየዳት፣ የሱቁን ቁልፎች አንስቶ ቅጭልጭል ሲያደርጋቸው፣ ብልጭ! አራቱም! እዚያው ሱቁ ውስጥ ጨፈርኩ፣ ስልክ ሊያሠራ የመጣ ሰውዬ ነበር፣ እሱንም ይዤ ጨፈርኩ!

የሰርጉ ቀን ታዲያ ድንኳኑ ሞልቷል፣ የሙሽራው ወገኖች ከጥያ መጥተዋል፣ ኪቦርዱ ተነሳ፣ ከበሮው ድም ድም፣ ስፒከሩ ደረት ይመታል፣ ሳጥኗ? ጭጭ! ሸምሱ ቢነካካት ጭጭ። ደገፉ መጣና፣ "ዶሮዎቹ ተኙ እንዴ?" ብሎ በከዘራው ጓዳውን አሳየኝ። ምን ላድርግ፣ ገባሁ፣ እንባዬ ቆጮው ላይ ሊንጠባጠብ ምንም አልቀረው።

ታዲያ ሙሽሮቹ ሲገቡ የጥያ ሴቶች "እልልልልል!" ቢሉ፣ መድረኩ በቀይ በአረንጓዴ አበደ! ዝም ሲሉ ጨለመ። ሸምሱ እየሮጠ ጓዳ ገባ።

"እትዬ! ጆሮዋ ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው የምትሰማው! እልል ይበሉ!"

ቢላውን ጣልኩት። በቆጮ እጄ ወጥቼ እልልልል ስል፣ ሰማያዊ! የጥያ ሴቶች "በኛ ሙሽራ ሰርግ ልትበልጡን ነው እንዴ?" ብለው መለሱ፣ ቀይ! እኛ፣ እነሱ፣ እኛ፣ እነሱ፣ የኪቦርዱ ልጅ ግራ ገብቶት እጁን አነሳ፣ ማን ይሰማዋል!

እና የሴቱ ጉሮሮ ሁሉ ተዘጋ። ኬክ ሊቆረስ ሲል "እል..." ብል ድምፄ የለም። መድረኩ ጨለማ። ህይወት አባቷን አየችው።

"አባዬ፣ በሞቴ።"

"ወንድ ነኝ እኮ!"

"በሞቴ አልኩህ።"

ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ ጋቢውን አፉ ድረስ ሳበና "ኧልልል" አለ፣ እንደ በሬ። ሳጥኗ ጭጭ። ሸምሱ ከወዲያ፣ "ቀጠን ያድርጉት ጋሼ!" ደገፉ ዓይኑን ጨፈነ፣ እና ልጆቼ፣ ከዚያ ጢም ውስጥ የወጣውን እልልታ ብትሰሙት! አራቱም ቀለም አንድ ላይ ፊቱ ላይ ቦግ! ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ! ጋቢውን ከትከሻው ቀምቼ ወገቡ ላይ አሰርኩለትና ጭፈራውን እኔና እሱ መራነው።

ከዚያ ወዲህ ሸምሱ "ደህና ማይክ ልግጠምላት" ቢል እሺ ያለው የለም፣ ከነጆሮዋ ነው የሰው ሰርግ ሁሉ ይዘናት የምንዞረው። ደገፉ ይኸው እዚያ ጥግ ተቀምጦ ያልሰማ ይመስላል። ጋሼ፣ ውሸት ከሆነ ውሸት ነው በል!

"የበሬው ውሸት ነው" አለ ደገፉ፣ "እልልታዬ ግን ካንቺ ይሻላል።"