ስድስት ብርጭቆ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በጣሊያን ካሚዮን ተጭነን ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት አሮጊትና አንድ ጎልማሳ ሲያወሩ ሰማሁ። ሰውዬው በገለባ የተጠቀለሉ ስድስት ብርጭቆዎች ታቅፏል።

«ምነው ልጄ፣ እንግዳ ይበዛብሃል?» አሉት አሮጊቷ።

«እንግዳስ የለኝም፣ እናቴ። ኤሌክትሪክ ልማርባቸው ነው።»

«በብርጭቆ?»

«ኮምጣጤ እሞላና መዳብና የቆርቆሮ ቁራጭ እነክርበታለሁ። በሽቦ ሳገናኛቸው መብራት የሚያበራ ኃይል ይሰጣሉ።»

«ጣሊያኖቹ የሚሠሩበት ዕቃ አይሻልህም?»

«የእነሱ ባትሪ ለተማሪ አይሆንም። ሽቦ አሳስተው ካገናኙ ያቃጥላል። የኔው ደካማ ነው፤ ብሳሳትም ይምረኛል።»

«ማን አስተማረህ?»

«ደብረ ማርቆስ፣ በጣሊያኖቹ ጋራዥ ስሠራ አይቼ ነው። ከተውኩት ዓመት አልፎኛል። ሰው ግን ዛሬም የእነሱ ወገን ያደርገኛል። ቤቴ የሚገባ የለም።»

«ሚስትህስ?»

«እሷም ወላጆቿ ዘንድ ሄደች።»



«ታዲያ በርቶልህ ያውቃል?» አሉት።

«ባለፈው ሳምንት በሦስት ብርጭቆ ሞከርኩ። ትንሿ አምፖል ፍም መስላ ቀላች። ደስ ብሎኝ ዘወር አልኩ፣ የምነግረው ሰው ፍለጋ።»

«ማን ነበረ?»

«ማንም አልነበረ።»

«አማኑኤል ላይ የምወርድ ባልሆን መጥቼ ባየሁልህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ። እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።»

ከቤቱ በአንድ አጥር ብቻ የምለየው እኔ፣ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ሳብኩት።