ማርቆስ በጸሎት ቤት የተናዘዘው

አንዲት ቃል ብዋሽ ዕድሜዬ ይጠር። ጋሪ ነጂው ማርቆስ፣ ጃጁራ መንገድ ላይ የአንዲት ነጋዴን ሞባይል በዱላ አስፈራርቶ ዘርፏል ተብሎ ሆሳዕና ፍርድ ቤት ቀረበ። ዘራፊው ፊቱን ሸፍኖ ስለነበር ሴትዮዋ አልለየችውም፤ ማርቆስም አላደረግሁም ብሏል። ማስረጃው አንድ ብቻ ነበር፤ ጌታን በተቀበለ ሰሞን ጸሎት ቤት ቆሞ «በዱላ አስፈራርቼ ሞባይል ቀምቻለሁ» ማለቱ። ይህን ከሰሙት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነኝና አቃቤ ሕጉ ለምስክርነት ጠራኝ።

የሰማሁትን ተናገርኩ። ዳኛው «አባባ፣ ሌላስ ምን አለ?» አሉኝ።

«ከአንበሳ አፍ የጎረቤት በግ ነጥቄ በልቻለሁ ብሏል።»

«አመኑት?»

«ኧረ አላመንኩም፣ ክቡር ዳኛ። እኛ ዘንድ ሰው ሲመሰክር ጌታ ያወጣው ከጥልቅ ጉድጓድ እንዲመስል ኃጢአቱን ያበዛል። እኔም በጊዜዬ የሌሞን ወረዳ ጠላ በሙሉ ብቻዬን እንደጨረስኩ መስክሬያለሁ።»

«የሞባይሉስ ነገር?»

«ከበጉ ጋር በአንድ ትንፋሽ ነው የነገረን። የቱን ልመን?»

 ዳኛው «በእንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሰው አይታሰርም» ብለው ማርቆስን በነጻ አሰናበቱት። በሩ ላይ ነጋዴዋ እጄን ይዛ «አባባ፣ እባክዎ፣ እሱ ነው ወይስ አይደለም?» አለችኝ። «ልጄ፣ ለእኔም የሚነግረኝ ባገኝ» አልኳት፤ አንጀቴን በላችው።

አንበሳውን ግን ለእናንተ ስል የጨመርኩት እኔ ነኝ። ችሎት ፊት ምዬ ስለነበር ያልኩት ጅብ ነው።