የዳልቻ ዳገት

(ወሎ ቆላ፣ ደረቅ ሜዳ ዳር፣ ሐሙስ ጠዋት። ይመር የሟች ወንድሙን የእንድሪስን መሪ ላም ዳልቻን ወደ ገበያ ሊነዳት ገመድ አስሮላታል፤ የወንድሙ ሚስት ሙሐባ የበረቱን በር በጀርባዋ ደግፋ ዘግታለች።)

ሙሐባ፦ መጀመሪያ ገመዱን ፍታ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ይመር፦ ተነጋግረን ጨርሰናል፣ እታለም። ላሟ አብዳለች። ወንዝ ዳር ለምለም ሳር እያለ መንጋውን ሁሉ አስከትላ ያንን መላጣ ዳገት ትወጣለች። ስመታት ዞራ ታየኛለች። ልክ እንደ እንድሪስ ነው የምታየኝ።

ሙሐባ፦ እንድሪስ እንደዚያ የሚያይህ ስትሳሳት ነበር።

ይመር፦ ሰፈሩ ምን እንደሚል ሰምተሻል? ጌታዋን ፍለጋ ነው የምትወጣው ይላሉ። ሐዘንተኛ ላም አንድ ቀን መንጋውን ይዛ ገደል ትገባለች። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ሲባል አልሰማሽም?

ሙሐባ፦ ሰምቻለሁ። ሳሩን ያየኸው ግን አንተ ነህ፤ ዳልቻማ ትታው ሄደች። ለመሆኑ ያን ለምለም ሳር ጎንበስ ብለህ አይተኸዋል? የአገሩ ከብት ሁሉ ውሃ ሊጠጣ ወርዶ ረግጦት፣ እበቱን ጥሎበት ነው የሚመለሰው። አንተ ሰው በተጸዳዳበት ላይ ምሳ ትበላለህ?

ይመር፦ እኔ ላም አይደለሁም።

ሙሐባ፦ እሷም ይመር አይደለችም፣ አልሐምዱሊላህ። ማክሰኞ በግድ ወንዝ ዳር አውለሃቸው እንዴት ሆነው ገቡ?

ይመር፦ ግራር ሥር ተኝተው ዋሉ።

ሙሐባ፦ ሆዳቸውስ?

ይመር፦ እንደ ባዶ ስልቻ። እሺ፣ ዳገቱ ላይስ ምን አለ? ሳሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል።

ሙሐባ፦ ደርቋል፤ ግን ማንም አልረገጠውም። እንድሪስ፣ ጀነት ይስጠውና፣ «ውሃው ከታች ነው፤ ጨዉን ከላይ ካደረግሁላቸው መሃሉን እየጋጡ ይመላለሳሉ» ይል ነበር። አናቱ ላይ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሞሌ ጨው ያኖርላቸው ነበር። ዳልቻ የምትወጣው ለጨዉ ነው።

ይመር፦ ይኸው፣ በራስሽ አፍ። እንድሪስ ከሞተ ክረምት አለፈ፤ ዝናቡ ድንጋዩን አጥቦታል። የሌለ ጨው የምትፈልግ ላም ምን ትሠራልናለች?

ሙሐባ፦ ማን የለም አለህ?

ይመር፦ አንቺ የባልሽን ሐዘን ኢዳ ላይ ነበርሽ፤ እስካለፈው ሳምንት ከቤት አልወጣሽም። ታዲያ ማን ያኖርላታል?

ሙሐባ፦ በየጁምዓው ዳገቱን የሚወጣ ማን ነው?

ይመር፦ እኔ ነኝ፣ የወንድሜን ሰደቃ ላደርስ። አንቺው በቅጠል ጠቅልለሽ፣ «ድንጋዩ ላይ አኑረው፣ ችግረኛ ያነሳዋል፤ ዞር ብለህ ሳታይ ና» እያልሽ… እታለም።

ሙሐባ፦ አቤት።

ይመር፦ ከበድ ይል ነበር።

ሙሐባ፦ አሞሌ ነዋ።

ይመር፦ ሰደቃ ነው ብለሽኝ፣ መንገዱን ሁሉ ዱዓ እያደረግሁ ነው የምወጣው።

ሙሐባ፦ ለእንስሳ መስጠት ሰደቃ ካልሆነ ምን ይሆናል? ዱዓውም አይጠፋም። የላም ጨው ነው ብልህ ግን ዳገቱ ሰልችቶህ ወንዝ ዳር ታራግፈው ነበር።

ይመር፦ አራግፈው ነበር። እንግዲህ ዳገት የማስወጣትም እኔ፣ ዳገት ወጣሽ ብዬ የምሸጣትም እኔ።

ሙሐባ፦ እንድሪስ ቢሰማ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ሳቁ ናፈቀኝ፣ ይመር።

ይመር፦ እኔንም። በይ ከበሩ ዞር በይላት፣ ገመዱን ፈትቻለሁ። የነገውንም ጥቅል ዛሬውኑ አዘጋጂልኝ፤ አርፍጄ ቀድማኝ ከደረሰች እንደ እሱ ታየኛለች።