ቅቤው አይደለም

ልጄ በሦስት ሳምንቷ ደሟ ውስጥ በገባ የእርሾ ዓይነት ፈንገስ ሞተችብኝ፤ መድኃኒቱም አልሠራላትም። እንደተወለደች እናቴ ቅቤ አስውጣት ስለነበር "ያንቺ ቅቤ ነው የገደላት" ብያት፣ ከቀብሩ ወዲህ ቤቷን አልረገጥኩም። ትናንት ፈንገሱን የመረመረችው ባለሙያ ጅማ ጠራችኝ።

"ቅቤው አይደለም፤ ይሄ እርሾ በብዙዎቻችን አፍ ውስጥ አለ" አለችኝ። "ክሮሞሶሙ ላይ ተመሳሳይ የሆኑ፣ የሚደጋገሙ ቦታዎች አሉ። እዚያ ላይ ይሰበርና ከሌላው ተመሳሳይ ቦታ ጋር ይገጥማል። ልጅህ ደም ውስጥ የገባው እርሾ እንደዚያ ተቀያይሮ ነው መድኃኒቱን የተቋቋመው።"

"እኛ መጋዘን አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው የቡና ጆንያዎች እንደሚቀያየሩት?"

"ልክ እንደሱ፣ ወንድሜ።"

ቀለለኝ። ወደ አጋሮ እንደተመለስኩ በቀጥታ እናቴ ቤት ገባሁ።

"እማዬ፣ ቅቤው አይደለም።"

በርጩማ ሳበችልኝ። ከዚያ "ምሳ በልተሃል?" አለችኝ።