አሰፋሽ ከአገር አልወጣችም

የምስክርነት ቃል

የቃል ሰጪ ስም፦ ሽኩር ሚፍታህ
ዕድሜ፦ 38
ሥራ፦ ስልክ ጥገና
አድራሻ፦ ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል
ቀን፦ ጁላይ 6 ቀን 2021
ቋንቋ፦ አማርኛ (አስተርጓሚ ሲራክ የአለምወርቅ)

ወይዘሮ አሰፋሽ አቢሶን የማውቃት ባለፈው ሜይ ወር ከደርባን ከመጣች ጀምሮ ነው። እዚያ የምትሠራበት ሆቴል በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ የሥራ አጥ አበል ይከፈላት ነበር። በኋላ ልጇን ይዛ እዚህ እህቷ ቤት ገባች። አበሉ ወደ ጆሃንስበርግ እንዲዞርላት የአድራሻ ለውጥ ፎርም የሞላሁላት እኔ ነኝ። አማርኛ ለእኔም ለእሷም ሁለተኛ ቋንቋችን ነው። «ምክንያቱን ምን ልበል?» ብላት «ሽኩሬ፣ አገር ለቅቄ መጣሁ በልልኝ» አለችኝ። እኛ ዘንድ አገር ማለት የኖሩበት ሰፈርም ነው፤ ከደርባን ወጣሁ ማለቷ ነበር። እኔ ሞኙ በእንግሊዝኛ «ከአገር ወጥቻለሁ» ብዬ ጻፍኩት። ወዲያው አበሉ ቆመ።

ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስህተቴን ራሴ ላስረዳ ብዬ አብሬያት አበል የሚሰጥበት ቢሮ ሄድኩ። ተራችን ሲደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩን አይታ «ይቺ ሴትዮ ከአገር ወጥታለች፤ አንቺ የሰው መታወቂያ ይዘሽ ነው የመጣሽው» አለቻት። ኧረ ጥፋቱ የእኔ ነው ብል ማን ይስማኝ! «አይ ካልሽ ፋይሉ የተከፈተበት ደርባን ሂጂ» አለች። ጆሃንስበርግ ካለችበት ከጋውቴንግ ክፍለ ሀገር መውጣት በበሽታው ምክንያት ከተከለከለ ሳምንት ሆኖታል፤ በምን ትሂድ?

አሰፋሽ በዚህ ጊዜ «በስመአብ! ፊቴን እዩታ!» ብላ ማስኳን ዝቅ አድርጋ መታወቂያዋን ከጉንጯ አጠገብ ያዘች። ጥበቃው ፎቶውን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ማስክ አውልቃለች ብሎ ፖሊስ ጠራ፤ ወደዚህ ጣቢያ አመጡን።

ወላሂ፣ ፊቷን ብትሸፍን አሰፋሽ አይደለሽም ትባላለች፣ ብትገልጥ ትከሰሳለች። አበሉ ካልተለቀቀላት እሷና ልጇ የሚበሉት የላቸውም። እዚህ ጣቢያ ግን የክሱ ወረቀት ላይ «አሰፋሽ አቢሶ፣ ነዋሪነቷ ትሮይቪል» ተብሎ ተጽፏል፤ ስሟ የተገለበጠው ከዚያው መታወቂያ ነው። ስለዚህ የክሱ ወረቀት ግልባጭ ማኅተም ተመትቶበት እንዲሰጣት እጠይቃለሁ። አገር ውስጥ መሆኗን የሚመሰክርላት ሌላ ወረቀት የላትም።

ከላይ የሰፈረው በዓይኔ ያየሁትና በእጄ የሠራሁት ነው። በአማርኛ ተነቦልኝ፣ ሐሰት እንደሌለበት አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ሽኩር ሚፍታህ (ፊርማ)
አስተርጓሚ፦ ሲራክ የአለምወርቅ (ፊርማ)
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ቲ. ማሴኮ (ፊርማ)