ማርጌድን ያደረሰችው መኪና

እስኪ አንዴ ጸጥታ! ሃዌል፣ አለቃ ብትሆንም ብርጭቆህን አስቀምጥ፤ ገና ምርቃቱ ላይ አልደረስንም።

ለማታውቁኝ፣ ኔሪስ እባላለሁ። እዚህ ጋራዥ ዛሬ በጡረታ ከምንሸኘው ከኤምሪስ ጎን ስሠራ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ስለዚህ እሱን የማማት መብት ከማንም በፊት የኔ ነው።

ኤምሪስ መጀመሪያ የመጣ ቀን ዝናብ ነበር፤ ዌልስ ውስጥ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? አንድ ረጅም ሰውዬ ብረት ተሸክሞ በበሩ ገባ። የመኪናውን ዘንግ ነው፣ ለኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን፤ እንደታመመ በግ ትከሻው ላይ አጋድሞታል። መንገድ ላይ ወልቆበት መኪናው በፊት ጎማ ኃይል ብቻ ነው የደረሰው።

«ምን ልርዳህ?» አለው ሃዌል።

«ሥራ ፈልጌ ነበር።»

«ምን ትችላለህ?»

«ዘንግ መግጠም።»

ሃዌል ትከሻውን አየ፣ ፊቱን አየ። «እሱንማ እያየሁት ነው!» አለው።

ያንን ዘንግ የገጠመው ሌላ ሰው ነው ብሎ ኤምሪስ እስከ ዛሬ ይምላል። እስከ ዛሬም የሚያምነው የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ዘንግ ሊፈታ ሲል መጋጠሚያው ላይ ነጭ ቀለም ይቀባል። «እንደነበረ ካልተመለሰ እንደነበረ አይዞርም!» ይለናል፤ ጠዋት ይለናል፣ ከሰዓት ይለናል። ጫፍና ጫፍ ያሉት ክሮቸራዎች፣ ዘንጉ የሚተጣጠፍባቸው የመስቀል መጋጠሚያዎች፣ ትይዩ ካልሆኑ ምሳ አይበላም፤ እኛንም አያስበላንም። ሲገጥም ደግሞ መንገድ ላይ ካልተሞከረ አያምንም። ሌላ ሰው ይነዳል፣ እሱ ጣቶቹን ማርሹ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ መተንፈስ ክልክል ነው። አንድ ቀን ኢድዋልን፣ ነፍሱን ይማርና ያንን በግ አርቢ፣ «ውሻህን አውርድልኝ፤ እያለከለከ ንዝረቱን ቀላቀለብኝ» ብሎ በዝናብ ውሻውን አስወርዶታል። ኢድዋልም ተናዶ አብሮ ወረደ!

ሚስቱ ማርጌድ አንድ ጊዜ ደውላ፣ «ኔሪስ፣ በናትሽ እሁድ እሁድ ሥራ ስጡት። የልብስ ማጠቢያዬን ደግሞ ፈታታው» አለችኝ።

«መንቀጥቀጡን ተወ ወይ?» ብላት፣

«ተወ እንጂ! ማጠቡንም አብሮ ተወ» አለችኝ።

ማርጌድ ባለፈው ዓመት በዚያ ሁሉ በረዶ መሀል ሞተች።

እዚያ ጥግ የተቀመጠው ግሪፍ፣ የአገራችን ቀባሪ፣ ተራራው ላይ ላሉት ቤቶች የሚያወጣት አሮጌ የሬሳ መኪና አለችው፤ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት። ማርጌድም በእሷ ወረደች። ኤምሪስ ከግሪፍ ጎን ተቀመጠ፣ እኛ ከኋላ ተከተልን። ቀብሩ ላይ እንባ አልወጣውም። ተመልሰን ሻይ ስንጠጣ ግሪፍን ወደ ግድግዳው ወሰደው። ሊያመሰግነው መስሎኝ ነበር።

«የኋላ ዘንግህ ሚዛኑን ስቷል» አለው። «ወንበሩ በጀርባዬ ነግሮኛል። ማርጌድ ከቤቷ እስከ መቃብሯ እየተንቀጠቀጠች ነው የሄደችው።»

ግሪፍ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ኤምሪስ፣ ይቅር በለኝ፤ እኔ አልተሰማኝም…»

«ይቅርታ ጠይቀኝ አልወጣኝም። ሰኞ አምጣት። ከእንግዲህ ማንንም እንዲህ አትወስድም።»

ሰኞ መጣች። ሃዌል «ወደ ቤትህ ሂድ፤ እኛ እንሠራታለን» ቢለው አልሰማም። መሬቱ በረዶ ነው፤ ከሥሯ ገብቶ ተኛ። ክሮቸራው ተበልቷል፤ ሚዛን እንዲጠብቅ ዘንጉ ላይ የተበየደው ቁራጭ ብረትም ወልቋል። ዘንጉን አወጣ፣ ክሮቸራውን ቀየረ፣ ሚዛን ማሽኑ ላይ አስሮ አሽከረከረው። እጁን ማሽኑ ላይ አደረገና ቆመ። ቆመ፣ ቆመ… ከዚያ ጠራኝ።

«እጅሽን እዚህ አድርጊ። ይንቀጠቀጣል?»

እንደ ልማዱ ሊፈትነኝ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ጣቶቹን ያየሁት ያኔ ነው፤ ነጥተው ጧፍ መስለዋል። ብረት የሚሞርድ ግራይንደር ሲይዙ የኖሩ እጆች ናቸው፤ ንዝረቱ ስሜታቸውን በልቶት ኖሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ።»

«ማርጌድ ታውቅ ነበር?»

«የሸሚዜን ቁልፍ ማን የሚቆልፍልኝ ይመስልሽ ነበር?» አለኝ።

ደረቱን አየሁ። ቁልፎቹ ተዛንፈው ነበር።

እጄን አስቀመጥኩ። «ትንሽ አለ» አልኩት። ብረት በየደ። «አሁንስ?» «አሁንም አለ።» ቆረጠ፣ አዞረ፣ እንደገና በየደ። «አሁንስ?»

«ጸጥ ብሏል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ፣ ኤምሪስ።»

ማሽኑን አጠፋ። ዘንጉን በምልክቱ መልሶ ገጠመ፤ ቡሎኖቹን አጠበቀ። ከዚያ የመኪናዋ ጎማ ላይ ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ እሱ ያውቃል፣ እኔ እዳስሳለሁ፤ እንዲህ ሆነን ሠራን። ዘንድሮ ሐኪሙ በቃህ አለው። ኢድዋል በጸደይ ሲሞት በዚያችው መኪና ወረደ፤ እኔም ከሬሳው ጎን ነበርኩ። ቅንጣት አልተንቀጠቀጠችም።

ኤምሪስ፣ አመሰግንሃለሁ። ከዚህ ተራራ ቁልቁለት ልጆቹን ይዞ በሰላም የሚወርድ ሁሉ ሳያውቅህ ባለዕዳህ ነው። ጡረታ ደስ ይላል ብዬ ግን አልዋሽህም። ቤቱ ባዶ ነው። ጣቶችህም አይመለሱም። የሚዛን ማሽኑ ከነገ ጀምሮ ሸራ ይለብሳል፤ ዘንጎቹን ወደ ከተማ እንልካለን። ይህን ሁሉ አንተም ታውቃለህ፣ እኛም እናውቃለን። እሁድ እሁድ ምሳህ እኛ ቤት ነው። ባሌ ሥጋውን ይቆርጥልሃል፤ አትኩራብን።

በሉ ተነሡ፣ ብርጭቆ አንሡ! ለማርጌድ፣ ነፍሷን በገነት ያኑርልን። ለኤምሪስ፣ ሙቅ ቤት፣ ረጅም ዕድሜ፣ በሩን የሚያንኳኳ ሰው አይጣ!

አንተም አንሣ እንጂ። በሁለት እጅህ ያዘው… ቀስ በል። እንጠብቅሃለን።