ቀረጥ የተነሳለት መኪና

(አባይ በረሃ፣ ከድልድዩ ወደ ደጀን የሚያወጣው ዳገት፣ ቀትር፤ ለምኒችል የተሸጠውን የኤሌክትሪክ መኪና ሻጩ ሚልክያስ ይነዳል፤ ከጎኑ የሟቹ የምኒችል ታላቅ ወንድም አንማው ሽጉጥ ደግኖበታል።)

ሚልክያስ፦ ጋሽ አንማው፣ ስለ ማርያም ይሄን ነገር ከጎኔ ያርቁልኝ! ጉድጓድ ብንገባ ይባርቃል።

አንማው፦ ጉድጓዱን ሽሽ ታዲያ። እጅህ ከመሪው ሲነሳ ካየሁ ግን ሳይባርቅም እተኩሰዋለሁ።

ሚልክያስ፦ ኧረ ወዴት ነው የሚወስዱኝ?

አንማው፦ ምኒችል የወደቀበት። ባትሪው ስንት ይላል?

ሚልክያስ፦ ሠላሳ ፐርሰንት። ብዙ ነው! ደጀን ያደርሰናል።

አንማው፦ እሱም ከድልድዩ ሲደውል እንዲያ ነው ያለኝ። “ጋሼ፣ ሠላሳ አለኝ፣ ለእራት ደረስኩ።” በግ አርጄ ጠበቅኩት። በጉን ለቀስተኛ በላው።

ሚልክያስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ግን የገደላቸው ሽፍታ ነው! እኔን ከሽፍታ ጋር ምን አገናኘኝ? እኔ ነጋዴ... ወይኔ! ወይኔ ጥርሴን!

አንማው፦ ሌላ ጥርስ አለህ። ንዳ! ምኒችልን ሱቅህ አስገብተህ ያልከውን አሁን ለኔ በለኝ።

ሚልክያስ፦ አፌ እየደማ?

አንማው፦ እየደማ። ፈገግ በል ደግሞ፤ ለሱ ፈገግ ብለህለታል።

ሚልክያስ፦ “መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ኤክሳይዙን አንስቷል፣ ቫቱን አንስቷል። የቤንዚን መኪና ከእንግዲህ አይገባም። ዛሬ ያልገዛ ነገ ይቆጨዋል።”

አንማው፦ ቀጥል።

ሚልክያስ፦ “የነዳጅ ወረፋ ቀረ፣ ዘይት መቀየር ቀረ። ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ራሱን ይሞላል።”

አንማው፦ ዳገቱንስ ምን አልከው?

ሚልክያስ፦ ዳገቱን... አልጠየቁኝም።

አንማው፦ አንተ የውሻ ልጅ! ጎጃሜ አገሩ ሲገባ በአባይ ካልሆነ በየት ሊገባ ነው? በሰማይ?

ሚልክያስ፦ እንዴ! አሥራ ሁለት አለ! አሁን ሠላሳ አልነበር? ጋሽ አንማው፣ እየወረደ ነው፤ እንመለስ! ድልድዩ ጋ ጥበቃ አለ።

አንማው፦ ምኒችል ሚስቱን ከኋላ አስቀምጦ እዚችው መታጠፊያ ላይ ነው ላብ ያጠመቀው። ባትሪው ምን ነበረበት?

ሚልክያስ፦ እኔ ምን አውቄ...

አንማው፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ተናገር፣ አለዚያ ጉልበትህን እበሳዋለሁ!

ሚልክያስ፦ አሮጌ ነው! አይተኩሱ! ውጭ አገር ታክሲ ሲሠራበት የኖረ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አስቀንሰን፣ አዲስ ነው ብለን አስገባነው።

አንማው፦ ምን በደለህ? ቡና የሸጠበትን፣ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን አምጥቶ እጅህ ላይ ማስቀመጡ ነው?

ሚልክያስ፦ ዶላሩ ተወዶብኝ ነዋ! ቀረጥ ተነሳ ሲባል ሰዉ ሁሉ ርካሽ ጠበቀ። አዲሱን ባመጣ ማን ይገዛኛል? ባትሪው ብቻውን እኮ የመኪናውን ዋጋ እኩሌታ ያወጣል። ሁሉም ነጋዴ እንዲህ ነው የሚሠራው!

አንማው፦ ሁሉም ይሁን። መንግሥት የተወውን ቀረጥ አንተ ከወንድሜ ነፍስ ላይ ሰበሰብከው።

ሚልክያስ፦ እተካለሁ! አዲስ ባትሪ፣ ከፈለጉ አዲስ መኪና... ኧረ አቅም አጣ። ጋሽ አንማው፣ ቆመ! አይንቀሳቀስም!

አንማው፦ ውረድ።

ሚልክያስ፦ እዚህ? በዚህ በረሃ?

አንማው፦ ውረድ አልኩህ! አንሣ እግርህን! የቆምክበት የሱ ደም ነው፤ ዝናብ እንኳ አላጠበውም።

ሚልክያስ፦ ልጆች አሉኝ። እባክዎ፣ በአገሩ ወግ ያድርጉት። ሽማግሌ ልላክ፣ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ እናትዎ እግር ላይ ልውደቅ፣ የደም ካሳ ይቆረጥብኝ።

አንማው፦ ወጉንስ ታውቃለህ። ድንጋይ የሚሸከም ገዳይ ነው። በል፣ ገዳይ ነኝ በል፤ እናቴ ፊት አደርስሃለሁ።

ሚልክያስ፦ ያልገደልኩትን እንዴት ልበል? አታለልኩ፣ እሺ፣ ሌባ ይበሉኝ። ነፍስ ግን አላጠፋሁም!

አንማው፦ ዙር ወደ ገደሉ።

ሚልክያስ፦ ይስሙኝ! ሽፍቶቹ የፈለጉት መኪናውን ነበር። ቁልፉን ቢሰጧቸው ኖሮ ዛሬ ቆመው ይሄዱ ነበር! እልኸኝነታቸው ነው የገደላቸው!

አንማው፦ ሰጥቷቸዋል።

ሚልክያስ፦ ምን?

አንማው፦ ተንበርክኮ ነው ቁልፉን የሰጣቸው። ሚስቱ በዓይኗ አይታለች። “ውሰዱት፣ ብቻ ነፍሴን ማሩኝ” አላቸው። ገብተው ቢሞክሩት፣ ቢሞክሩት አልንቀሳቀስ አላቸው። “ደግሞ ትቀልድብናለህ?” ብለው ነው የተኮሱበት።

ሚልክያስ፦ ገዳዩ እኔ ነኝ፣ ጋሽ አንማው። ድንጋዩን ያሸክሙኝ።